ሞጣ አለች የተባለችው የስጦታው ሚስት

ስጦታው ሞጣ ላይ ሁለተኛ ሚስት አለችው ይባል ነበር። ቢቸና ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ወይ ጆሮውን የታመመ ነው፣ ወይ ጸጉሩን እቤቱ የሚቆረጥ ነው። ማስረጃው እንደሆነ ሞልቷል። ሰውየው በወር አንድ ጊዜ ይጠፋል። ሲጠፋም እንደ ሰው ተሳፍሮ አይደለም። የሚኒባሱ ረዳት «ሞጣ፣ ሞጣ፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጣራ እየሰማ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ በከብት ተራው ጀርባ ሹልክ ይላል። መኪና እያለ ሁለት ቀን ተኩል በእግሩ የሚኳትን ጤነኛ ሰው ምን ፈልጎ ነው? የሚያውቀው ተሳፋሪ እንዳያየው ነዋ። ሲመለስ ደግሞ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። መክሳቱን ለመንገዱ ብንሰጠው እንኳ ደስታውን ለማን እንስጠው?

ወሬው እያደር ሥጋ ለበሰ። መጀመሪያ ሴትየዋ ጠላ ሻጭ ነበረች። ጾሙ ሲገባ ነርስ ሆነች። ለፋሲካ ሁለት ልጅ ወለደች። ታላቁ ልጅ አፍንጫው ቁርጥ ስጦታውን ነው የሚል ሰውም አልጠፋ፤ ልጁን ያየ ግን የለም።

ፈንታነሽ፣ ማለትም ማንም የማይክዳት የቢቸናዋ ሚስቱ፣ ወሬውን ከሁሉ ኋላ ሰማች። እንደ ደንቡ ነው። የነገረቻት ጎረቤቷ አምሳለች ናት። አምሳለች ወሬ ስትነግር አስቀድማ ታለቅሳለች፤ ሰሚዋ ለማልቀስ እንዳትቸገር። ፈንታነሽ ሥራዋን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣

«ሌላ ሚስት ብትኖረውማ ካልሲውን ታጥብለት ነበር» አለቻት።

እንዲህ ትበል እንጂ ነገሩ ሆዷ ገብቷል። በሚቀጥለው ወር ስጦታው በወጣ በሦስተኛው ቀን እሷም ነጠላዋን ተከናንባ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሞጣ ደርሳ፣ የእግር መንገዱ ወደ ከተማው ከሚገባበት ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ቁጭ አለች። ሦስት ሻይ ጠጣች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባሏ እያነከሰ ብቅ አለ። ተከተለችው። ገበያውን አለፈ፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ታክኮ ሄዶ ከአንዲት ጠባብ ጎጆ ደጅ ቆመና «ቤቶች» አለ። ገባ። ፈንታነሽ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግማ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ተከትላው ገባች።

ባሏ መደብ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ፎቶ ደርድሯል። ከአጠገቡ አንድ ጥርስ ብቻ የቀራቸው አሮጊት መነኩሲት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ያስጽፉታል። እማሆይ ወለተ ገብርኤል ይባላሉ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

«ግቢ ልጄ፣ ሚስቱ ነሽ አይደል? ስትመጪ ቆየሽ» አሏት።

እንግዲህ ሞጣ አለች የተባለችው ሚስት እሳቸው ናቸው። ወሬውን የጀመረው ሰው ከነፍስ አባቱ ጋር ይጨርስ። እኔ የጨመርሁት ሁለቱን ልጆች ብቻ ነው።

እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት ሰንበሌጥ መውረጃ ከሚባለው ቁልቁለት አናት ላይ ሠላሳ ዓመት እግረኛ አሳድረዋል። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው የድሮው የእግር መንገድ፣ ከቢቸና ግማሽ ቀን እንደተሄደ፣ በዚያ ቁልቁለት ወርዶ ወንዝ ይሻገር ነበር። ሰው ሁሉ መንገዱን በእግሩ ሲያውቀው እሳቸው በስም ያውቁታል። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫማ ማውለቂያ ነው፤ ጫማ ያለው ሰው ሶሉ እንዳያልቅበት እዚያ አውልቆ በብብቱ ይዞ ይወርዳል፤ እግር ያልቃል ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። ዝቅ ብሎ ሙሽራ ማስለቀሻ አለ፤ ከዚያ ዘወር ብላ ስታይ የአባቷ ሰፈር አይታያትም። ወንዙ ዳር፣ ቆላው ሙቀቱን የሚተነፍስበት ላይ፣ ቅቤ መቅለጫ። ስጦታው አንዱን ወር ሄዶ ያነሳውን ፎቶ አሳጥቦ በሚቀጥለው ወር ይዞላቸው ይገባል፣ እሳቸው የቦታውን ስም ይነግሩታል፣ እሱ ከጀርባው ይጽፋል። ሚስጥሩ ይኸው ነው። ፈንታነሽ ያን ቀን ሁለቱን ሲያወሩ እስኪመሽ ሰምታ፣ በማግስቱ አብራው በሚኒባስ ተመለሰች። ቢቸና ስትደርስ አምሳለችን አስጠርታ፣ «እውነትሽን ነው እቴ፣ አለችው። ጥርሷ ግን አንድ ነው» አለቻት።

ስጦታው ፎቶ አንሺነትን የለመደው ቢቸና ውስጥ ከነበረ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ቤቱ ግድግዳው ላይ ባሕርና ትልቅ መርከብ የተሳለበት መጋረጃ ነበረው። የዚያ ዘመን የቢቸና ሰው ሁሉ ተራ በተራ ከመርከቡ ፊት ቆሟል። የኛ ቤት አልበም ውስጥ አጎቴ በጋቢ ሆኖ ወደብ ላይ ቆሟል። ስጦታው ጨርቅ ያነጥፋል፣ አንገት ያቃናል፣ «አይተንፍሱ» ይላል። አንድ ቅዳሜ ገበያው ደምቆ ደንበኛ ደጅ ድረስ ተሰልፎ ሳለ ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ጌታው ደንበኛ ሊበትን ሲል ስጦታው ሁሉንም ነድቶ ሾላው ሥር አወጣቸውና በፀሐይ አነሳቸው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሰዎቹ ተገረሙ፤ መርከቡ የለም፣ ግን ሰዎቹ ራሳቸውን ይመስላሉ። ስጦታው ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ሰው አላነሳም። ቤት ውስጥ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ሜዳ ላይ ይረሳዋል ይላል።

ጥምቀት ሲሆን፣ ሰርግ ሲሆን፣ ታቦት ሲነግሥ፣ የሜዳ ፎቶ አንሺው በዚያ መንገድ ወጥቶ ወርዷል። ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ብቻህን መሄድ ብትፈልግ እንኳ አትችልም። ጨው የጫነ በቅሎ፣ ቅቤ የተሸከመች ሴት፣ ደበሎውን የጣለ የቅኔ ተማሪ፣ ሚዜና ሙሽራ፣ ከችሎት የሚመለስ ተሟጋች ሳይቀር ይተላለፍበታል። ሰላምታውም ለብቻው ነው። ከወንዙ በኩል የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ ጤናውን አትጠይቀውም፤ «ወንዙ እንዴት ዋለ?» ነው የምትለው። እሱም ልክ እንደ ቤተ ዘመድ፣ «ትናንት ተቆጥቶ ነበር፣ ዛሬ በርዶለታል» ይልሃል። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ልጆች የሚወራው። ስጦታው ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለዝባል። እኛ ደግሞ በሳቅ እናቋርጠዋለን፤ ካላቋረጥነው እኛም እንለዝባለን።

ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ላይ መንግሥት ለገበሬው የመሬት ደብተር ሊሰጥ ተነሣ። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ይለጠፋል። ስጦታው ፎቶ አንሺ ሆኖ ተቀጠረ። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ከጀርባቸው ነጭ ይሁን። አቡጀዲ ገዛ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ገበሬ በየደጁ፣ በየዛፉ ሥር እያስቀመጠ፣ ሁለት ሰው አቡጀዲውን ከኋላ ወጥሮ እየያዘ፣ አራት መቶ ባልና ሚስት አነሣ። ነፋስ ጨርቁን ገልቦ ያበላሸበትን ፊልም አልጣለውም፤ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሞ አስቀመጠው። ፈንታነሽ ቆርቆሮውን ለበርበሬ ፈልጋው ሁለት ዓመት ተጣልተውበታል።

ከዚያ መኪናው በዛ። እግረኛ ሲቀንስ ማረሻ ይደፍራል። መንገድ በአንድ ቀን አይሞትም፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ነው የሚቆረጥለት። በሰንበሌጥ መውረጃ አናት ላይ ግን የሞተው በአንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ስጦታው እዚያው ነበር።

ቦታው በላቸው የሚባል ገበሬ ማሳ ዳር ነው። በላቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሁለት ሺህ ዐሥር ላይ መሬቱ እንደገና በመሣሪያ ይለካ ተባለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ለኪዎቹ ድንበሩ ላይ ይቆማሉ፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ «በዚህ በኩል አዋሳኙ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ሰው የተናገረው ይመዘገባል። ለኪዎቹ በላቸው ጋ የደረሱት ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ነው። በላቸው የሚካኤል ማኅበር ተራው ደርሶት ደግሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ማኅበርተኞቹ ናቸው። ስጦታው ማኅበሩን ፎቶ እንዲያነሣ ተጠርቶ፣ እሱም ከማዕዱ ላይ ነው። ለኪዎቹ ሲጠሩ ሁሉም ዋንጫውን እንደያዘ ወደ ማሳው ወጣ። በገደሉ በኩል አዋሳኙ ማን ነው ተባለ።

መልሱ «መንገድ ነው» ነበር። እዚያ ከቆሙት ውስጥ ያን መንገድ በእግሩ ያልሄደ የለም። ግን የሰውን ጠላ በእጅ ይዞ፣ እንጀራው ገና ከጉሮሮ ሳይወርድ፣ «ማሳህ ውስጥ መንገድ አለ» የሚል አፍ ጎጃም አላበቀለም። ሁሉም ዋንጫው ውስጥ አየ። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ «እስከ ገደሉ የበላቸው ነው» አለ። ለኪው መሣሪያውን ተከለ። ወደ ማዕዱ ተመለሱ። ወጡ ጥሩ ነበር፤ ስጦታው ዛሬም አይክደውም።

በክረምቱ በላቸው ባሕር ዛፍ ተከለ፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠረ። ወንዙ ዳር ያለው ሰፈር ወደ ላይ መውጫው ያ መንገድ ብቻ ነበርና ሰዉ ሌላ ገደል ዞሮ መውጣት ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ምጥ የያዛት አንዲት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ እዚያው ዙሪያ መንገድ ላይ ወለደች። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ሕፃኑን ዙሪያው አሉት። ሰፈሩ ስሙን እየጠራ ሳቀ። ስጦታው ሲሰማ አልሳቀም። በማግስቱ ማመልከቻ አጻፈ።

የወረዳው የመሬት ባለሙያ ሃና የምትባል ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ኮምፒዩተሯን ከፈተች፣ አየች፣ «ጋሼ፣ ሲስተሙ ላይ መንገድ የለም» አለችው። ድሮ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር፣ ሰው አሁንም እንዳልተወው የሚያሳይ ነገር ያምጡ አለችው። ይቺ ልጅ ናት እንግዲህ ሰውየውን በየወሩ ሞጣ የላከችው። መንገዱ እንዳልተተወ የሚያሳየው እሱ ራሱ ሆነ። እሾህ አጥሩን በሆዱ እየተሳበ ያልፋል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ በየደረሰበት ያነሣል፣ ቀኑን ይጽፋል። ስሞቹን ለማወቅ ነው እማሆይን ያፈላለገው። የኛ ወሬ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው።

ድሮ እንደነበረ የሚያሳየው ማስረጃ ግን አልገኝ አለ። ስጦታው የዘጠና ሰባቱን አራት መቶ ፎቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ዘርግቶ አየ። አራት መቶ ባል፣ አራት መቶ ሚስት፣ አራት መቶ ነጭ ጨርቅ። ግማሾቹን ያነሣቸው መንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ነው፤ መንገዱ ግን ከአቡጀዲው ኋላ ቀርቷል። በገዛ እጁ ጋርዶታል። ፈንታነሽ እንደነገረችን ከሆነ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰም፤ አምሳለች እንዳለችው ደግሞ አለቀሰ፤ አምሳለች ግን ማንንም ታስለቅሳለች።

የብስኩቱን ቆርቆሮ ያስታወሰችው ፈንታነሽ ናት። የተበላሹትን አንድ በአንድ ለብርሃን እያነሡ አዩ። ከነዚያ አንዱ ላይ የበላቸው አባትና እናት ጫማ ማውለቂያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ነፋሱ አቡጀዲውን ነጥቆ የእናትየዋን ራስ ሸፍኗል። አባትየው አፋቸውን ከፍተው እየሳቁባት ነው። ከኋላቸው መንገዱ፣ ሰፊ፣ የተረገጠ፣ ሁለት የጭነት በቅሎ እየወረደበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ፎቶ ይዞ ሃና ጋ ይሮጥ ነበር። ስጦታው አሳጥቦ መጀመሪያ ለበላቸው ወሰደለት። አብሮት ከሄደው ከአማቹ ከየኔሰው ነው ይህን የሰማነው፤ የኔሰው ደግሞ ወሬ መጨመር የማይችል ምስኪን ሰው ነው። በላቸው ፎቶውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። አባቱ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ፎቷቸው የደብተሩ ነው፣ ፖሊስ የያዛቸው የሚመስሉበት።

«ሲስቅ ጥርሱ እንዲህ ነበር ለካ» አለ።

«ከዚያ ወዲያ እናትህ ጨርቁን ጥላ ተነሣች። ለማስቀመጥ መከራ አየሁ» አለው ስጦታው።

«መንገዱን ልታሳየኝ አይደል ያመጣኸው፣ አያ ስጦታው?»

«አዎ።»

በላቸው ፎቶውን ጭኑ ላይ አደረገ። «ያን ቀን ለምን አልተናገርህም?»

«ጠላህን ይዤ።»

«እኔስ? ቤት ሙሉ እንግዳ አስቀምጬ እንዴት ብዬ ልናገር? አንድ ሰው እስኪል ነበር የምጠብቀው። አንድ ሰው ቢል እሺ ልል ነበር። ሁላችሁ ዋንጫችሁን አያችሁ።» ፎቶውን አየና «አራት ዓመት ጠበቅሁ» አለ።

የኔሰው እንዳለው ሁለቱም ሳይተያዩ እስከ ማታ ተቀመጡ፤ ስጦታው ሲነሣ በላቸው ፎቶውን አልመለሰለትም፤ ስጦታውም አልጠየቀም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃና የስጦታውን ማመልከቻ ይዛ ሽማግሌዎቹን እዚያው ማሳ ላይ ሰበሰበች። ያን ቀን ማንም ምንም አልያዘም፤ ስጦታው ከቤታቸው በልተው እንዲመጡ ለሁሉም አስቀድሞ ልኮባቸው ነበር። ሃና አዋሳኙን ስትጠይቅ ሽማግሌ ሳይተነፍስ በላቸው ራሱ «መንገድ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹም ያኔ ምላሳቸው ተፈታ፤ አንዱ በዚህ በኩል ሚስት አምጥቻለሁ አለ፣ አንዱ በዚህ በኩል በቅሎ ገደል ገብታብኛለች አለ፣ ሃና መዝግባ መጨረስ አቃታት። አራት እርምጃ ስፋት ያለው መንገድ ሲስተሙ ላይ ገባ። ባሕር ዛፉ ተቆረጠ።

እማሆይ ወለተ ገብርኤል ይህን አላዩም። በመጋቢት አርፈዋል። ስጦታው ለሠልስታቸው በእግሩ ሄዶ አንድ ሰዓት ዘገየ፤ ፈንታነሽ በሚኒባስ ቀድማው ደርሳ ቦታውን ይዛ አልቅሳላቸዋለች።

መንገዱ የተከፈተ ቀን ከቢቸና ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሄድን። የመኪናው መንገድ ከበላቸው ማሳ በላይ ስለሚያልፍ እስከዚያ ተሳፈርን፤ ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል በእግራችን ሄደን ጫማ ማውለቂያ ደረስን። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ቱሪዝም ተናገረ። ወጣቶቹ ስልካቸውን እየዘረጉ ራሳቸውን አነሡ። አንዱ ሽማግሌ ጫማውን አውልቆ በብብቱ አድርጎ አሳየን፣ ሳቅን፣ መልሶ አደረገው። ደስ የሚል ቀን ነበር። ድሮ የነበሩትን ሰዎች ስም እየጠራን፣ እገሌ እዚህ ጋ ወድቆ፣ እገሊት እዚህ ጋ አልቅሳ እያልን ቆየን። በላቸው ከአጠገባችን ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ ከጉልበቱ ሕመም የተነሣ አይወርድም።

ከዚያ ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ምሳው ቢቸና ነው፤ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ተባለ። ሰው ነጠላውን እያራገፈ ወደ መኪናው መመለስ ጀመረ። ስጦታው ግን ካሜራውን ይዞ ቁልቁለቱን ዐሥር እርምጃ ያህል ወርዶ መታጠፊያው ላይ ወደ እኛ ዞሯል። ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ፣ አወረደው፣ እንደገና አደረገ። ፈንታነሽ «ና እንጂ» አለችው። አልመጣም። ግማሻችን መኪናው ውስጥ ገብተናል፣ ግማሻችን በሩ ላይ ነን፣ ረዳቱ ይቆጥራል። ማንም ያልመለሰለትን ነገር የተናገረው ያኔ ነው፦

«መንገዱ ለብቻው ሲሆን ፎቶው ላይ ቦይ ነው የሚመስለው። እስከ መታጠፊያው ድረስ አንዳችሁ መንገዱ ላይ ግቡልኝ።»